የሠራተኛ ማቆያ ዕቅድ፦ ረቂቁ ላይ አስተያየት እስከ ዓርብ

ጸሐፊ፦
ረቂቁን ከላይ ለጥፌዋለሁ፣ ዓርብ ማታ ይዘጋል ሰኞ ለቦርድ ይገባል። ሐሳቡ ያው ባለፈው የተነጋገርንበት ነው፣ በየድርጅታችን ሠራተኛ እንዳይለቅብን ከማኅበራችን የጋራ ገንዘብ ግማሹን ለቅርብ አለቆች ሥልጠና እናውለው። የፈረቃ መሪ፣ ሱፐርቫይዘር፣ ቲም ሊደር የሚባሉትን ማለቴ ነው፣ ጎበዝ ባለሙያ ስለነበሩ ብቻ አለቃ ያደረግናቸው፣ ሰው እንዴት እንደሚመራ ግን ማንም ያላሳያቸው። ጋሉፕ የሚባለው የአሜሪካ የአስተያየት ጥናት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ጥናት ከተጠየቁት 7,272 አሜሪካውያን ግማሾቹ በሥራ ዘመናቸው ቢያንስ አንዴ ከአለቃቸው ለመገላገል ብለው ሥራ ለቀዋል። እኛ ጋም መልቀቂያው ላይ "በግል ጉዳይ" እየተባለ የሚጻፈው ስንቱ ይሄ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን

ክሊኒክ፦
እደግፋለሁ። እኔ ጋ ባለፈው ዓመት ከለቀቁት ነርሶች አምስቱ ከአንድ ክፍል ናቸው፣ ደሞዙ ደግሞ የሁሉም ክፍል እኩል ነው፣ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ልፈልግ። አንድ ነገር ግን ይጨመር። ሰው መልቀቂያ ካስገባ በኋላ ምን አስከፋህ ብሎ መጠየቅ ዘግይቷል፣ ልቡ ከሄደ ቆይቷል። በየሦስት ወሩ የቅርብ አለቃው ቁጭ ብሎ "እዚህ ያቆየህ ምንድነው፣ ምን ቢሆን ትሄዳለህ" ብሎ ይጠይቀው፣ ሥልጠናው በዋናነት ይሄን ጥያቄ መጠየቅና መልሱን ሳይቆጡ መስማት ላይ ይሁን

ጥሪ ማዕከል፦
በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው። ጥያቄዎቹን እኔ አዘጋጃለሁ፣ እስከ ረቡዕ ለጥፋለሁ

ማተሚያ ቤት፦
እኔ ርዕሱ ላይ ነው የቆምኩት። "ማቆያ" ማለት እኮ ተጠርጣሪ የሚቀመጥበት ነው፣ በኮሮና ጊዜም ለይቶ ማቆያ ስንል ነበር። ይሄን ወረቀት ማሽን ኦፕሬተሮቼ ፊት አልዘረጋም

ጸሐፊ፦
ጋሼ ማቆየት ከሚለው ነው የመጣው። ርዕስ በኋላም ይስተካከላል፣ ወደ ይዘቱ እንግባ

ማተሚያ ቤት፦
በኋላ የሚባል ነገር የለም ልጄ፣ ሠራተኛው የሚያየው ርዕሱን ነው

ጥሪ ማዕከል፦
እውነታቸውን ነው። "የሠራተኛ ፍልሰት መከላከያ ዕቅድ" ብንለውስ

ሶፍትዌር፦
ፍልሰት አገር ጥሎ ለሚሄድ ነው፣ መከላከል ደግሞ በሽታን ነው። "የባልደረቦች እርካታ" ይሻላል

ማተሚያ ቤት፦
ሃያ ዓመት ሙሉ ሠራተኛ ብዬ ጠርቻቸው አንድም የተቀየመኝ የለም፣ ባልደረባ እያልን ደሞዙን ካላስተካከልን ምን ዋጋ አለው። እኔ የጠላሁት ማቆያ የሚለውን ነው ሌላውን አትንኩ

ክሊኒክ፦
እርካታም አይሆንም፣ እርካታና መቆየት አንድ አይደለም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሄርዝበርግ እ.ኤ.አ. በ1959 ኢንጂነሮችንና አካውንታንቶችን ጠይቆ ያገኘው ይሄንኑ አይደል፣ ደሞዝ፣ የሥራ ሁኔታ፣ የአለቃ አያያዝ ሲጎድል ሰው ይከፋል፣ ሲሟላ ግን ቅሬታው ይቀንሳል እንጂ በዚያ ብቻ ለሥራው አይነሳሳም፣ የሚያነሳሳው የሥራውን ውጤት ማየት፣ ዕውቅና ማግኘት፣ ኃላፊነት መቀበል ነው። ጥሩ የቅርብ አለቃ ሁለቱም ላይ እጁ አለበት፣ ረቂቁን የወደድኩት ለዚህ ነው። እባካችሁ ወደ እሱ ተመለሱ

ገንዘብ ያዥ፦
ከትናንት ጀምሮ በአንድ ቃል ነው የምንጨቃጨቀው፣ ስለ ገንዘቡ ማንም አልጠየቀም። ግማሽ ይበዛል። ደግሞ አሠልጥነን ለማን ነው? ባለፈው ዙር በማኅበሩ ገንዘብ የሠለጠኑት ሁለቱ ሱፐርቫይዘሮቼ አሁን የት እንደሚሠሩ እዚህ ያለ አንድ ሰው ያውቀዋል

ሶፍትዌር፦
እኔን ከሆነ በግልጽ በይው። ማስታወቂያ አወጣሁ፣ አመለከቱ፣ ተፈትነው አለፉ

ገንዘብ ያዥ፦
ስልክ ተደውሎላቸዋል። ማስታወቂያው የወጣው ከተስማሙ በኋላ ነው። ስለዚህ ረቂቁ ውስጥ አባል ከአባል ሠራተኛ አይወስድም የሚል አንቀጽ ካልገባ እኔ አልፈርምም

ሶፍትዌር፦
ስድስት ወር ሙሉ ዕድገት ጠይቀው መልስ ያላገኙ ሰዎች ናቸው፣ ከአፋቸው ነው የሰማሁት። ሌባ እየተባልኩ ግን እዚህ አልቀመጥም

ክሊኒክ፦
ሁለታችሁም ተረጋጉ። አንቀጹ ግን አይሆንም። አፕል፣ ጎግል፣ ኢንቴልና አዶቢ አንዱ ለሌላው ሠራተኛ ላለመደወል ተስማምተው እ.ኤ.አ. በ2010 የአሜሪካ የፍትሕ መሥሪያ ቤት ከሰሳቸው፣ ሠራተኞቹም ክስ መሥርተው በ2015 ኩባንያዎቹ 415 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍሉ ተደረገ። ሕጉ ይቅር ብንል እንኳ ሰው የተሻለ እንዳያገኝ በር ዘግተን ቆየልን ማለት አንችልም፣ ጋሼ የፈሩት ማቆያ ማለት እኮ ያኔ ነው

ማተሚያ ቤት፦
እሱን ነው ያልኩት

ገንዘብ ያዥ፦
እሺ አንቀጹን ትቻለሁ። ትናንት የጻፍኩት በቁጣ ነው። ዕድገት መጠየቃቸውን አላውቅም ነበር፣ ጥያቄው የፈረቃ መሪው ጋ ቀርቷል። ገንዘቡ ላይ ግን አልተመለስኩም፣ ግማሽ ይበዛል

ጸሐፊ፦
ረቡዕ አለፈ። ጥሪ ማዕከል፣ ጥያቄዎቹ የት ደረሱ?

ሶፍትዌር፦
ገንዘብ የማይፈልግ ሐሳብ አለኝ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ከቤት መሥራት ይፈቀድ። የቻይናው የጉዞ ድርጅት ትሪፕ ዶት ኮም 1,612 ሠራተኞች ላይ ሞክሮት የሚለቀው ሰው በሲሶ ቀንሷል፣ የሥራ ምዘናቸውም አልወረደም፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ኔቸር የሚባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ወጥቷል

ማተሚያ ቤት፦
ማሽኑን ተሸክሞ ቤቱ ይሂድ? እኔ ጋ የሚያማርረኝ ሰው ሁሉ የሚለው አንድ ነገር ነው፣ ነገ ማታ ግባ የሚባለው ዛሬ ከሰዓት ነው፣ ልጁን ማን እንደሚይዝለት አያውቅም። ፈረቃ ከሁለት ሳምንት በፊት ይለጠፍ፣ ይሄ ይጻፍልኝ እና እፈርማለሁ

ክሊኒክ፦
ትክክል ነው፣ ነርሶቹም ይሄንኑ ይላሉ። ግን የሚለጥፈውም የሚቀይረውም ያው የቅርብ አለቃው ነው፣ ሥልጠናው ካልቀደመ ወረቀቱ ይለጠፍና በማግስቱ ይሰረዛል

ገንዘብ ያዥ፦
የፈረቃውን ሐሳብ እደግፋለሁ። ለሥልጠና አምስተኛው እጅ ይበቃል፣ በቀረው የፈረቃ ፕሮግራም የሚያወጣ ሶፍትዌር በጋራ እንግዛ

ሶፍትዌር፦
እኛ ልንሠራው እንችላለን

ገንዘብ ያዥ፦
በጨረታ

ጸሐፊ፦
ዓርብ ማታ ነው። የያዝኩት ይሄ ነው፦ ፈረቃ ከሁለት ሳምንት በፊት ማሳወቅ፣ የፈረቃ ሶፍትዌር በጨረታ፣ ሥራው ለሚፈቅድለት ከቤት መሥራት፣ ለቅርብ አለቆች ሥልጠና አምስተኛው እጅ። የሦስት ወሩ ጥያቄ አዘጋጅ ስለጠፋ አባሪ ውስጥ ገብቷል። ርዕሱን ባዶ ትቼዋለሁ

ክሊኒክ፦
የመጣነው ለአለቆቹ ነበር። ጥያቄዎቹን እኔ ዛሬ ሌሊት እጽፋቸዋለሁ፣ አባሪ ውስጥ አትክተተው፣ እስከ ሰኞ ጠዋት ጠብቀኝ

ማተሚያ ቤት፦
"ሠራተኞቻችን እንዲቆዩ" ቢባልስ

ሶፍትዌር፦
ርዕስ በ"እንዲቆዩ" አያልቅም ጋሼ