አዲስ ራውተር ገጥሜ ኢንተርኔቱ ጠፋ፣ ቶሎ ድረሱልኝ!

ጠያቂ፣ ለገጣፎ
ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ ራውተር ገጥሜ ዋይፋዩ ይታያል፣ ስልኬም ይያያዛል፣ ግን «ኢንተርኔት የለም» ይላል። የድሮውን መልሼ ብሰካው እሱም እምቢ አለ። ሁለቱንም ሪሴት አድርጌያለሁ። መስመሩን ከቤት ሆኖ ሪሴት ማድረግ ይቻላል? ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የኦንላይን ስብሰባ አለብኝ። እባካችሁ!

ጨረር
ወንድሜ፣ ከመሠረቱ እንጀምር። ግድግዳው ላይ ያለችውን፣ የፋይበር (ብርሃን የሚያስተላልፍ የመስታወት ክር) መስመር የሚገባባትን ነጭ ሳጥን እያት። «ፖን» የሚለው መብራት አረንጓዴ ሆኖ ካልረጋ ወይም «ኤልኦኤስ» የሚለው በቀይ ብልጭ ድርግም ካለ፣ ብርሃኑ እቤትህ አልደረሰም ወይም ሳጥኗ ከመስመሩ ጋር አልተገናኘችም ማለት ነው፤ ራውተር ብትቀያይር ዋጋ የለውም። ፋይበር እንደ ኤሌክትሪክ ሽቦ አይታጠፍም። ሶፋ ሥር ተቆልምሞ ወይም በር ተዘግቶበት ከሆነ ቀጥ አድርገው፤ ሲጠቀለል ክቡ ከቡና ሲኒ አፍ መጥበብ የለበትም። ጫፉን በጣት አትንካ፣ በዓይንህም አትመልከተው። አረንጓዴውን ጫፍ ከሰማያዊ ጋር ማገናኘትም አይሆንም፤ የአረንጓዴው ፊት ሰያፍ ተደርጎ ስለተሞረደ አይገጥሙም።

ሰካ ንቀል
ሁሉንም አጥፍተህ 30 ሰከንድ ጠብቀህ አብራ።

ዘጠኝ ቮልት
የሚሠራ ነገር የሚነካ ሰው ግን ምን ነክቶት ነው 😂
ለማንኛውም አዳፕተሮቹን አቀያይረህ እንዳልሰካህ እይ። ጫፋቸው አንድ ዓይነት ሆኖ አንዱ 12 ቮልት፣ ሌላው 9 ቮልት ሊሆን ይችላል። የ9 ቮልቱን ዕቃ በ12 ልታቃጥለው ትችላለህ፤ 12 የሚፈልገው በ9 ቢበራም እየጠፋ እየበራ ያስቸግራል። ጀርባው ላይ ተጽፏል።

ጠያቂ
እህት ነኝ 🙂 አዳፕተሮቹ ትክክል ናቸው። ነጭ ሳጥን የለም፤ ከግድግዳ የሚመጣው የስልክ ሽቦ ነው። አዲሱ ላይ ሰማያዊው ቀዳዳ ውስጥ ሰክቼዋለሁ፣ ላላ ይላል ግን ይገባል።

የሽቦ ሰው
ተገኘ። የስልክ ሽቦ ጫፍ ጠባብ ነው፤ የኔትወርክ ቀዳዳ ደግሞ ሰፊና ባለ 8 መስመር ነው። ስለዚህ ይገባል፣ አይሠራም። አዲሱ ራውተርሽ ጀርባ ላይ «ዲኤስኤል» (በስልክ ሽቦ የሚመጣ ኢንተርኔት) የሚል ጠባብ ቀዳዳ ከሌለ ዕቃው በኔትወርክ ኬብል ለሚገባ ኢንተርኔት የተሠራ ነው፣ የስልክ መስመር አያነብም። አልተበላሸም። ግን ብቻውን አይበቃሽም፤ ከፊቱ የስልክ መስመሩን የሚያነበው የድሮው ሞደም መኖር አለበት።

ሰካ ንቀል
30 ሰከንዱን ሞከርሽው?

ቆጣቢ
ጥያቄው ራሱ ልክ አይደለም። «መስመር ሪሴት» ከቤት የሚሠራ ነገር አይደለም፣ እዚህም አያስፈልግም። አጥፍቶ ማብራት ሌላ፣ ሪሴት ሌላ። በስቴኪኒ 10 ሰከንድ የተጫንሻት ቀዳዳ ሞደሙን ወደ ፋብሪካው ልክ መልሳ የመስመሩን ዩዘርኔምና ፓስወርድ አጥፍታዋለች። የድሮውም እምቢ ያለው ለዚህ ነው። አዲስ ገጠማ ላይ የድሮውን ሪሴት ማድረግ ማለት ቁልፉን ከውስጥ ትቶ በር መዝጋት ነው።

ጠያቂ
ወይኔ! የድሮው ላይ «ዲኤስኤል» የሚለው አረንጓዴ ሆኖ ረግቷል፣ «ኢንተርኔት» የሚለው ግን ቀይ ነው።

የሽቦ ሰው
ጥሩ ምልክት ነው። መስመሩ ደህና ነው፣ የጠፋው መግቢያው ብቻ ነው። የድሮውን ሞደም «ላን 1» የሚለውን ቀዳዳ ከላፕቶፕ ጋር በኬብል አያይዢና ብራውዘር ላይ 192.168.1.1 ጻፊ (ካልከፈተ ትክክለኛው አድራሻ ሆዱ ላይ በተለጠፈው ወረቀት አለ፤ የመግቢያ ስምና ፓስወርዱም እዚያው ነው)። ዋን ወይም ኢንተርኔት በሚለው ሥር አይነቱን ፒፒፒኦኢ (በዩዘርኔምና ፓስወርድ የሚገባበት) አድርጊና የመስመሩን ዩዘርኔምና ፓስወርድ አስገቢ። የዋይፋዩን አይደለም! ውል ስትፈራረሚ የተሰጠሽ ወረቀት ላይ ይኖራል፣ ከሌለ ደውለሽ ጠይቂ። ከደወልሽ አይቀር ቪፒአይ እና ቪሲአይ የሚባሉትን ሁለት ቁጥሮችም ተቀበይ፤ ሪሴቱ እነሱንም ቀይሯቸው ከሆነ ፓስወርዱ ልክ ሆኖም አይገባልሽም። ኤምቲዩ (አንድ የመረጃ እሽግ የሚይዘው ትልቁ መጠን) 1492 ይሁን። ትልቅና ትንሽ ፊደል ይለያያል፣ መጨረሻ ላይ ባዶ ቦታ እንዳትተዪ።

«ኢንተርኔት» አረንጓዴ ሲሆንና ላፕቶፑ ላይ ገጽ ሲከፈት ብቻ ወደ አዲሱ እለፊ። ከድሮው ላን 1 ወደ አዲሱ ሰማያዊ ቀዳዳ በኔትወርክ ኬብል፤ አዲሱ ላይ «ዳይናሚክ አይፒ» ምረጪ፣ ፒፒፒኦኢ አትንኪ። ሁለቱም 192.168.1.1 ከሆኑ ይጋጫሉ፤ የአዲሱን 192.168.2.1 አድርጊው። የድሮውን ዋይፋይ አጥፊ፣ አለበለዚያ ስልክሽ እሱን እየያዘ «አዲሱ አይሠራም» ትያለሽ።

ቆጣቢ
ሁለት ራውተር በላይ በላይ? የድሮውን ብሪጅ (መስመሩን ብቻ የሚያሳልፍ) አድርጋ ፒፒፒኦኢውን አዲሱ ላይ ታስገባ እንጂ።

የሽቦ ሰው
ንጹሑ መንገድ እሱ ነው፣ ግን ዛሬ ማታ አይደለም። ብሪጅ ላይ ስትሳሳት ጥፋቱ ከየትኛው ዕቃ እንደሆነ ለመለየት ትቸገራለች። የሁለቱ መደራረብ የሚያስቸግረው ከውጭ ሆኖ የቤት ካሜራ ለሚያይ ወይም ጌም ለሚጫወት ነው፤ ስብሰባውን አይነካም።

ዘጠኝ ቮልት
የቤት ስልክ ካለ የስልኩን ድምፅ ከኢንተርኔቱ የምትለየውን ማጣሪያ ሳጥን አትርሱ። ሽቦው ከግድግዳ ወደ ማጣሪያው፣ ከዚያ አንዱ ወደ ስልኩ፣ አንዱ ወደ ሞደሙ። ያለሷ ስልክ ሲጮህ ኢንተርኔት ይቆረጣል። በክረምት ብቻ የሚቆረጥ ከሆነ ደግሞ ውኃ የገባበት መጋጠሚያ ይኖራል። ሞደሙ ገጽ ላይ «ኤስኤንአር ማርጂን» የሚለው (መስመሩ ረብሻን የሚቋቋምበት ትርፍ አቅም) ከ6 ዲቢ በታች ከወረደ መስመሩ አይረጋም፤ እሱን ራውተር አያድነውም።

ጠያቂ
ዩዘርኔሙን ውሉ ላይ አገኘሁት፣ ፓስወርዱ የለም። እየደወልኩ ነው፣ ወረፋ ላይ ነኝ...

ሰካ ንቀል
እስከዚያው አጥፍተሽ

ቆጣቢ
😂😂 ተወን እስቲ! እህቴ፣ ለነገ ስልክሽን በዩኤስቢ ላፕቶፑ ላይ ሰክተሽ ሆትስፖቱን በገመድ ስጪው፤ በዋይፋይ ከሚሆን ይረጋል፣ ባትሪውም አብሮ ይሞላል። ካሜራሽን ዝጊ፣ ፓኬጁን የሚበላው እሱ ነው።

አዲስ ገቢ፣ ኮዬ ፈጬ
እኔም ራውተር ቀይሬ ጠፋብኝ፤ ነጭዋ ሳጥን ላይ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። ምን ላድርግ?

የሽቦ ሰው
ወደ ላይ ውጣና የጨረርን ስብከት አንብብ። ላንተ ነበር የተጻፈው።