የሦስት ጎሳዎች የወንዝ ዳታ በአንድ ቋት፦ ከየት ልጀምር?

ጥያቄ (ወንዝ ዳር)
ሰላም ቤተሰብ። የምሠራው ዋሽንግተን ስቴት ነው፤ ልጅ ሆነን «ሬድ ኢንዲያን» ከምንላቸው ነባር ሕዝቦች በአንዱ ጎሳ የአካባቢ ጥበቃ ቢሮ። ከሁለት ጎረቤት ጎሳዎች ጋር አንድ ወንዝ እንጋራለን። ሦስታችንም የውሃውን ጥራት እንለካለን፣ ሦስታችንም በየራሳችን ኤክሴል። አሁን «አንድ ላይ ይሁን» ተባለና ሥራው እኔ ላይ ወደቀ። የአንዱ ሙቀት 61፣ የሌላው 16 ይላል። ለካ አንዱ ፋረንሃይት፣ አንዱ ሴልሺየስ ነው! አንዱን ድልድይ ደግሞ በሦስት ስም ይጠሩታል። ከሁሉ የከበደኝ ግን የሽማግሌዎቹ ቃል ነው፦ ሳልሞን ዓሣ እንቁላል የሚጥልበት ቦታ የት እንደሆነ ለማንም እንዳይነገር ይላሉ።

መልስ (ኤክሴል የሰለቸው)
ወንድሜ፣ ኦርጅናል ፋይሎቹን እንዳትነካ። ቅጂው ላይ ሥራ። ለእያንዳንዱ መለኪያ ቦታ አንድ ኮድ ስጥ፣ የድሮ ስሞቹን ጎኑ አስቀምጥ። ዩኒቱ የራሱ ዓምድ ይኑረው። ደግሞ «0» ያለበትን ሁሉ ጠርጥር። ብዙ ጊዜ «ኒትሬት (ከማዳበሪያ ወደ ውሃ የሚገባው ንጥረ ነገር) የለም» ማለት ሳይሆን ላቦራቶሪው መለየት ከሚችለው በታች ነው ማለት ነው። እሱን ዜሮ ብለህ አማካይ ካወጣህ ጉድ ፈላ!

መልስ (የፖርትላንዷ)
ቅጹን ከባዶ አትፍጠር። የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ፣ ኢፒኤ፣ ደብልዩ ኪው ኤክስ የሚባል የውሃ ጥራት ዳታ መቀበያ አለው። ከኤክሴል ይጫናል። በንፁህ ውሃ ሕግ አንቀጽ 106 ድጎማ የምታገኙ ከሆነ ዳታውን ለዚያ በሚሆን ቅርጽ ማስረከብ ይጠበቅባችኋል። ስለዚህ ሦስታችሁም የእሱን ዓምዶች ተከተሉ።

መልስ (ጠበቃ አይደለሁም)
ቆይ፣ ቆይ። እዚያ የገባ ዳታ እኮ ለሕዝብ ይወጣል። የክላማት ጎሳዎችን ጉዳይ እይ። ስለ ውሃ መብት ከፌዴራል መንግሥት ጋር የተጻጻፉትን አንድ የመስኖ ተጠቃሚዎች ማኅበር በመረጃ ነፃነት ሕግ ጠየቀ። በ2001 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሙሉ ድምፅ ለማኅበሩ ፈረደ። እንዳይወጣ የምትፈልጉትን መጀመሪያውኑ አትላኩ። የመራቢያ ቦታው ጂፒኤስ በየጎሳው ሰርቨር ይቅር፤ የጋራው ቋት «የወንዙ የላይኛው ክፍል» ብቻ ቢል ይበቃዋል። ከኮምፒውተሩ በፊት ደግሞ ውል ጻፉ፣ የየጎሳው ምክር ቤት ያጽድቀው። የካናዳ ነባር ሕዝቦች ከ1998 ጀምሮ የሚሠሩባቸው አራት ነጥቦች አሉ፦ ባለቤትነት፣ ቁጥጥር፣ ተደራሽነት፣ ይዞታ። ለውላችሁ ጥሩ ርዕስ ይሆናሉ።

ወንዝ ዳር
አንዱ ጎሳ ልውጣ ቢልስ? የድሮ ዳታውን ይዞ ነው የሚሄደው?

ጠበቃ አይደለሁም
እሱን ሳትጣሉ በፊት ነው መጻፍ!

ወንዝ ዳር
እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ የሦስቱን ቢሮ ልጆች ይዤ ወንዙ ድረስ ወረድኩ። ከሦስቱ ስሞች አንዱ ለካ የታችኛው ድልድይ ነው፤ በእግር ግማሽ ሰዓት ያስኬዳል። አንድ ኮድ ልሰጣቸው ነበር እኮ።