የባክቴሪያ ጠርሙስ ከጨመርኩ 9 ቀን ሆነኝ፣ አሞኒያው ግን ንቅንቅ አላለም

ጀማሪ_ከአሌክሳንድሪያ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ለልጄ ልደት ብዬ 20 ጋሎን (75 ሊትር ገደማ) የአሣ ገንዳ ገዛሁ። ፕላስቲክ ተክል ስለማልወድ እውነተኛ ዕፅዋት ነው ያስገባሁት። ከታች ለውሃ ተክል የሚሸጠውን ጥቁር አፈር አነጠፍኩ፣ አኑቢያስና ጃቫ ፈርን እንጨት ላይ አሰርኩ፣ ሦስት ክሪፕቶኮራይን ተከልኩ። ፊልተሩም ማሞቂያውም እየሠሩ ነው፤ ሙቀቱ 25 ዲግሪ ነው።

ሱቅ ውስጥ ያለው ልጅ "ይሄን ባክቴሪያ ጨምሪና በማግስቱ አሣ አስገቢ" አለኝ። እነሱ ጋ ስላለቀ ኦንላይን አዘዝኩና ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ጨመርኩ። አንድ ጓደኛዬ፣ እግዜር ይስጣትና፣ "መጀመሪያ ለኪ" ብላኝ በጠብታ የሚሠራውን መመርመሪያ ገዛሁ። አሞኒያ 2 (በሊትር ሚሊግራም)፣ ናይትራይት 0፣ ናይትሬት 0፣ ፒኤች (የአሲድነት ልኩ) 6.4። ደንግጬ በየቀኑ የውሃውን ሲሶ እየቀየርኩ ነው። 9 ቀን ሙሉ! አሁንም ያው 2 ነው። አንድም አሣ ሳይኖር አሞኒያው ከየት ይመጣል? ጠርሙሱ አይሠራም ወይስ እኔ ነኝ ያበላሸሁት? ልደቷ ከ3 ሳምንት በኋላ ነው። ልጅቷ ከትምህርት ቤት በመጣች ቁጥር ባዶውን ገንዳ እያየች "ዛሬስ?" ትለኛለች።

አረንጓዴ_ውሃ፦
እህቴ፣ አሣ ሳታስገቢ መለካትሽ ትልቅ ነገር ነው። በ2 አሞኒያ ውስጥ የገባ አሣ ይሠቃያል፣ ብዙ ጊዜም ይሞታል።

አሞኒያው ከሁለት ቦታ ነው የሚመጣልሽ። አንደኛው አፈሩ ነው። ያ ጥቁር አፈር ለተክሉ ምግብ ታስቦ የተሠራ ስለሆነ አዲስ ሲሆን ለሳምንታት አሞኒያ ይለቃል። ሁለተኛው የቧንቧ ውሃሽ ነው። በእናንተ አካባቢ ውሃው የሚታከመው በክሎራሚን ነው፣ ማለትም ክሎሪንና አሞኒያ አንድ ላይ ተጣምረው። ከሱቅ የሚገዛውን ክሎሪን ማጥፊያ ማከሚያ ስትጨምሪ ክሎሪኑ ይጠፋል፣ አሞኒያው ግን እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ውሃ በቀየርሽ ቁጥር አዲስ አሞኒያ እየጨመርሽ ነው። እስኪ የቧንቧውን ውሃ ብቻውን ለኪውና ንገሪን።

እና እባክሽ መቀየሩን አቁሚ። አሣ ስለሌለ 2 ማንንም አይጎዳም፤ ለባክቴሪያዎቹ ምግባቸው ነው። አንዱ ዓይነት አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ናይትራይቱን ብዙም ወደማይጎዳው ናይትሬት ይቀይራል። ከ5 ካለፈ ብቻ ቀይሪ።

ስለ ጠርሙሱ ደግሞ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱ ውስጥ ያለው የምግብ ትራፊና ቆሻሻ የሚበላ ባክቴሪያ ነው፤ እሱ አሞኒያን ወደ ናይትራይት አይቀይርልሽም። ድሮ ናይትራይትን የሚበላው ናይትሮባክተር ነው ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ ጥናት ግን በጨው አልባ ውሃ ገንዳዎች ውስጥ ያንን ሥራ የሚሠራው ናይትሮስፒራ እንደሆነ አሳየ። ስለዚህ ጠርሙሱ ላይ ናይትሮሶሞናስ (አሞኒያውን የሚበላው) እና ናይትሮስፒራ የሚል ካለ ደህና ነው። ግን እነዚህ ሁለቱ በሕይወት መድረስ አለባቸው። በረዶ ከሆኑ ወይም ፀሐይ ላይ ከዋሉ አለቀላቸው። ጠርሙሱ እንዴት ነበር የደረሰሽ? ይህን የምጠይቅሽ ጥር ላይ ስለሆንን ነው።

ሌላው ፒኤችሽ ነው። ከ6.5 በታች ሲሆን ባክቴሪያዎቹ በጣም ቀስ ይላሉ፣ 6 አካባቢ ደግሞ ሊያቆሙ ምንም አይቀራቸውም። አፈሩ ፒኤች የሚያወርድ ዓይነት ነው፣ ባክቴሪያዎቹም ሲሠሩ ፒኤቹ እንዳይወርድ የሚይዘውን የውሃውን ካርቦኔት ይበላሉ። የተፈጨ ኮራል በትንሽ መረብ ቋጥረሽ ፊልተሩ ውስጥ ብታስቀምጪ ቀስ ብሎ ከፍ ያደርገዋል። አንድ እፍኝ ይበቃል። ሙቀቱንም ለጊዜው 27 አድርጊው።

ቦሌ_ገንዳ፦
አረንጓዴ_ውሃ ያለው ሁሉ ትክክል ነው። እኔ አዲስ አበባ ነው ያለሁት፤ እዚህ የታሸገ ባክቴሪያ እንደልብ ስለማይገኝ በሌላ መንገድ ነው የጀመርኩት። እንጀራ ስንጋግር እርሾ ካለቀብን ከጎረቤት አይደል የምንዋሰው? ገንዳም እንደዚያው ነው። አንድ ዓመት የቆየ ጤነኛ ገንዳ ካለው ጓደኛዬ የፊልተር ስፖንጅ ግማሹን ተቀብዬ፣ በራሱ ገንዳ ውሃ እንደራሰ በላስቲክ ይዤ መጥቼ እኔ ፊልተር ውስጥ ከተትኩት። በ8 ቀን ገንዳው ለአሣ ዝግጁ ሆነ። ከጠርሙስ ይልቅ በዚህ ነው የማምነው፣ ባክቴሪያው ሥራ ላይ እንዳለ ነው የሚመጣልሽ። እዚያ ያለ ሰው ካለሽ ጠይቂ። ብቻ አሣው የታመመበት ገንዳ እንዳይሆን።

ደግሞ ተክሎችሽ ሁሉም ቀስ ብለው የሚያድጉ ናቸው። አኑቢያስ ውብ ነው፣ አሞኒያ ግን ብዙ አይወስድም። በፍጥነት የሚያድግ ጨምሪ፣ ሆርንወርት ወይም ላይ የሚንሳፈፍ እንደ ሳልቪኒያ ያለ። እምቦጭ ጣናን እንዴት እንደወረረው እናውቃለን። በውሃው ላይ ተንሳፍፎ፣ ሥሩን አንጠልጥሎ፣ ከውሃው ምግብ እየመጠጠ ነው እንደዚያ የሚባዛው። ጣና ላይ መከራ የሆነው ባህርይ አንቺ ገንዳ ውስጥ በትንንሾቹ ተንሳፋፊዎች በኩል ይጠቅምሻል። ሲበዛ በእጅሽ እየለቀምሽ ታወጫለሽ።

አንድ ነገር ልጨምር። እኔ ውሃውን በባልዲ አሳድሬ ነው የምጠቀመው፣ ክሎሪኑ ይተናልና። አንቺ ግን ይህን እንዳታደርጊ። ክሎራሚን በማሳደር አይወጣም፣ ማከሚያ የግድ ነው።

ጀማሪ_ከአሌክሳንድሪያ፦
እናንተን ያቆይልኝ! የቧንቧውን ለካሁት፣ 1 ነው። ማለትም ይህን ሁሉ ቀን በገዛ እጄ ስጨምር ነበር። ስለ ጠርሙሱ ደግሞ፣ የመጣው እኔ ሥራ ላይ እያለሁ ነው፣ የማታ ፈረቃ ነበረኝና በር ላይ አደረ። በዚያ ሌሊት ውጭው ከዜሮ በታች ነበር። ጠዋት ሳነሳው በረዶ ሆኖ ነበር፣ ይጎዳል ብዬ አላሰብኩም። ሞቷል ማለት ነው?

አረንጓዴ_ውሃ፦
አዎ፣ ሞቷል ብለሽ ቁጠሪው። አዲስ ከፈለግሽ ከሱቅ መደርደሪያ ላይ በእጅሽ ውሰጂ፣ የሚያልፍበትን ቀን አይተሽ። ጠርሙሱን ናጪና ግማሹን ፊልተሩ ላይ አፍስሺው፣ መኖሪያቸው እዚያ ነው። መብራቱን በቀን ከ6 ሰዓት አታሳልፊ፣ አለዚያ አልጌ ይወርስሻል። ውሃው ነጭ ደመና ቢመስል አትደንግጪ፣ በራሱ ይጠራል። ናይትራይት መታየት ሲጀምር ደስ ይበልሽ፣ የመጀመሪያው ሥራ ተጀመረ ማለት ነው። አሣ የሚገባው አሞኒያ 2 አድርገሽ በ24 ሰዓት ውስጥ አሞኒያም ናይትራይትም 0 ሲሆኑ ብቻ ነው። ልደቷ ቢያልፍም።

ጀማሪ_ከአሌክሳንድሪያ፦
ከ19 ቀን በኋላ ተመልሻለሁ። አዲስ ጠርሙስም ገዛሁ፣ ሥራ ቦታ ካለች እህት የስፖንጅ ቁራጭም አገኘሁ፣ ሳልቪኒያና ሆርንወርትም ጨመርኩ። ኮራሉን ካስገባሁ በኋላ ፒኤቹ 7 ደረሰ። በ5ኛው ቀን ናይትራይት ታየ፣ በ11ኛው ቀን ከፍ ብሎ መለኪያው ጥቁር ሐምራዊ ሆነ፣ ከዚያ ወረደ። ትናንት በ24 ሰዓት ሁለቱም 0፣ ናይትሬት 40። ግማሹን ውሃ በማከሚያ ቀየርኩና ዛሬ 6 ቼሪ ባርብ አስገባን። ልጄ የምግቡን ቆርቆሮ እኔ ነኝ የምይዘው ብላለች፣ በቀን አንዴ ትንሽ ብቻ ብያታለሁ። ፊልተሩን መቼ ነው የማጥበው?

ቦሌ_ገንዳ፦
እንኳን ደስ አለሽ! ለወር ያህል አትንኪው። ከዚያ የውሃው ፍሰት ሲቀንስ ብቻ፣ ውሃ ስትቀይሪ ከገንዳው በቀዳሽው ባልዲ ውስጥ ስፖንጁን ጨመቅ ጨመቅ አድርጊው። በቧንቧ ውሃ በጭራሽ፣ ክሎራሚኑ ይገድላቸዋል። እና ለሚቀጥለው ሳምንት በየቀኑ ለኪ።