የወል ግጦሻችን ለድንጋይ ካባ ተሸጠ ይሉናል፣ ይቻላል?

የጅሩ ልጅ፦ ሰላም ወገን፣ ሰሜን ሸዋ ገጠር ነን። ከአባቶቻችን ጀምሮ ከብት የምናሰማራበት መስክ ላይ ሰርቬየር መጥቶ ችካል ተከለና ቀበሌ ሄደን ስንጠይቅ "ለኢንቨስተር ተሽጧል" ብለው ሸኙን። መንግስት መሬት ይሸጣል እንዴ?

ጥቁር ካባ፦ አይሸጥም ወንድሜ። የ1987ቱ ህገ መንግስት አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም ነው የሚለው። ኢንቨስተሩ የያዘው ላይሰንስ (የማውጣት ፈቃድ) ነው የሚሆነው፣ በማዕድን አዋጅ 678/2002 መሰረት ጊዜው የተወሰነ፣ የድንጋይና የአሸዋ ደግሞ በአብዛኛው ክልሉ ነው የሚሰጠው። ቀበሌ ላይ ጉልበታችሁን አትጨርሱ፣ የፈቃዱን ኮፒ ጠይቁ፣ ድንበሩ የት እንደሚያልቅ እዩ።

እማማ ዘነቡ፦ ላይሰንስም በሉት ሽያጭ ላሜ ምን ትብላ ልጆቼ?

ጥቁር ካባ፦ እውነትዎን ነው እማማ። የመሬት ማስለቀቅና ካሳ አዋጅ 1161/2011 ለዘለቄታው የተነሳ ገበሬ ምትክ መሬት ካልተሰጠው በመጨረሻዎቹ 3 አመታት ካገኘው ትልቁን አመታዊ ገቢ 15 እጥፍ ይከፈለዋል ይላል፣ ለወል መሬትም ህዝቡ ያጣው ጥቅም ተገምቶ ለተጠቃሚው ይከፋፈላል። ግን ተጠቃሚው ማነው የሚለው ላይ ነው ጭቅጭቁ፣ እና አሁኑኑ ስም ዝርዝር ያዙ።

የጅሩ ልጅ፦ እሺ፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እንሰበሰባለን።