ክርክር፦ የባኽ የገና ዜማ ከገና በፊት ይዘመር?

ማኅሌት፦ ጥያቄው ይኸውላችሁ። የጀርመኑ የሙዚቃ ደራሲ የባኽ «የገና ኦራቶሪዮ» (በመዘምራንና በኦርኬስትራ የሚቀርብ ረጅም መንፈሳዊ ድርሰት) ዛሬ ጀርመን ውስጥ ገና ሳይደርስ በአድቬንት፣ ማለትም ከገና በፊት ባሉት የዝግጅት ሳምንታት፣ ይቀርባል። እኔ ልክ አይደለም ባይ ነኝ። በባኽ ዘመን፣ እሱ በሚሠራበት በላይፕዚግ ከተማ፣ ከአድቬንት ሁለተኛ እሑድ እስከ ገና ድረስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ኦርኬስትራ አይሰማም ነበር። ከዚያ በእነሱ ገና፣ ዲሴምበር 25 ቀን 1734፣ በጠዋት፣ ኒኮላይ ቤተ ክርስቲያን፣ ከበሮ ብቻውን ይጀምራል። ሳምንታት ዝም ተብሎበት የከረመ ጆሮ ያንን ሲሰማ አስቡት!

ጋሽ ታዬ፦ እውነቷን ነው። እኛም ዐቢይ ጾምን ያለ ከበሮ፣ ያለ ጸናጽል ነው የምንዘልቀው። የፋሲካ ለት ሲመታ ሰውነት ይወረናል።

ዮናስ፦ ጋሼ፣ ይሁን። ግን ኦራቶሪዮው ስድስት ክፍል ነው፤ ለየቀኑ አንድ። ያኔ የገና በዓል ሦስት ቀን ነበር፤ የቀረው ጃንዋሪ 1፣ 2 እና 6 ተዘመረ። ዛሬ ጃንዋሪ 6 ላይፕዚግ ሥራ ይገባል። ሠራተኛ ሰው ስድስት ቀን ከየት ያምጣ?

ማኅሌት፦ በአንድ ምሽት ይሁንልህ፣ ግን ከ25 በኋላ።

ብሩክ፦ ማኅሌትዬ፣ ያ ከበሮ መጀመሪያ ለማን እንደተመታ ዘለልሽው። ለአገሩ ገዥ ሚስት፣ ለንግሥት ማሪያ ዮሴፋ ልደት ነው! ዲሴምበር 8 ቀን 1733፣ እዚያው ላይፕዚግ፣ ዚመርማን ቡና ቤት። ግጥሙም «ከበሮዎች ተሰሙ፣ መለከቶች አስተጋቡ» ይላል። ባኽ በዓመቱ ቃሉን ለውጦ ለገና አዋለው። ቀኑን ልብ በይ፤ አድቬንት መሀል ነው። ዝም ያለው ቤተ ክርስቲያኑ እንጂ ከተማው አይደለም።

ማኅሌት፦ እኔስ ምን አልኩ? ቡና ቤቱ ቡና ቤት፣ ቤተ መቅደሱ ቤተ መቅደስ። አሁን በአድቬንት የሚዘመረው ግን ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ነው።

ብሩክ፦ በትኬት! በር ላይ ትኬት ከተቆረጠማ ለዚያች ምሽት ዚመርማን ሆኗል በይው።

ጋሽ ታዬ፦ 😄 አንተ ልጅ፣ እሱስ ያስኬዳል። ሌላም ልጨምርላችሁ። አብዛኛው ክፍል ጠዋት በአንዱ፣ ከሰዓት በሌላው ቤተ ክርስቲያን ይደገም ነበር። ሦስተኛውና አምስተኛው ግን ኒኮላይ ብቻ ተዘመሩ። ከሌላው፣ ከቶማስ ቤተ ክርስቲያን ንቅንቅ የማይል ምእመን አራቱን ሰምቶ ቀረ ማለት ነው።

ዮናስ፦ እንግዲያው እኔ በአንድ ምሽት ከስድስቱ ክፍል ሦስቱን ብሰማ ከቶማሶቹ የማንሰው በአንድ ብቻ ነው። ትኬቴን ቆርጫለሁ፤ ዲሴምበር 14።

ማኅሌት፦ አይ ዮናስ! በል፣ ከበሮውን ቅዳልኝ። የምሰማው ግን በ25 ነው።