በስም ጠርቶ «እመረምረዋለሁ» ማለት፦ ስለ ሌቲሻ ጄምስ የተደረገ ክርክር

አወያይ፦ ሰላም ቤተሰብ። የዛሬው ርዕሳችን የኒውዮርክ ግዛት ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሌቲሻ ጄምስ ናት። የብሩክሊን ልጅ ናት። ለድሆች ጥብቅና በመቆም ጀምራ የከተማ ምክር ቤት አባል፣ ከዚያ የከተማዋ የሕዝብ ጠበቃ (የነዋሪዎችን አቤቱታ የሚከታተል ተመራጭ ባለሥልጣን) ሆነች። በ2018 ተመርጣ ጃንዋሪ 2019 አሁን ያለችበትን ወንበር ያዘች። የመጀመሪያዋ ጥቁር፣ የመጀመሪያዋም ሴት። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።) ጥያቄው ይሄ ነው፦ በምርጫ ዘመቻ ላይ የአንድን ሰው ስም ጠርታ «እመረምረዋለሁ» ያለች ዐቃቤ ሕግ ኋላ ላይ ያንን ሰው ብትከስ ፍትሕ ነው ወይስ ፖለቲካ? ስድብ የለም። ማስረጃ ይዛችሁ ኑ።

ነገረኛው፦ ገና ሳንጀምር ላርምህ። ወንበሩ ላይ የመጀመሪያዋ ሴት ባርባራ አንደርውድ ናት። ወንበሩ ላይ የነበረው ኤሪክ ሽናይደርማን በሜይ 2018 በቅሌት ሲለቅ የግዛቱ ሕግ አውጪዎች እሷን ሾሙ። ሌቲሻ በሕዝብ ድምፅ የመጀመሪያዋ ናት። ቀጥሉ።

ጡረተኛው ዳኛ፦ እኔ ሳልሸፋፍን እናገራለሁ፤ ፖለቲካ ነው። ችሎት ላይ በነበርኩበት ዘመን የማውቀው አካሄድ መጀመሪያ ድርጊቱ ይገኛል፣ ከዚያ ድርጊቱን የፈጸመው ይፈለጋል። እሷ ከሰው ጀመረች። በ2018 ዘመቻዋ ትራምፕን ሕጋዊ ያልሆነ ፕሬዚዳንት አለችው፣ የንብረት ሥራውን እንደምትበረብር ቃል ገባች። በዚያው ዓመት ኤንአርኤ የሚባለውን የጠመንጃ ባለቤቶች ማኅበር አሸባሪ ድርጅት ብላ ጠራችው። በ2020 ማኅበሩ እንዲፈርስ ከሰሰች። በ2022 ትራምፕን የንብረቱን ዋጋ አጋንኖ ባንኮችን አጭበርብሯል ብላ ከሰሰች። ፍርዱ ከክሱ ቀድሞ የተሰጠ ይመስላል።

የሕግ ተማሪዋ፦ ጋሼ፣ ከአክብሮት ጋር አልስማማም። ዘመቻዋን ብቻ ካየን እርስዎ እንዳሉት ይመስላል። የቢሮውን መዝገብ ግን እንየው። ትራምፕ ዩኒቨርሲቲ የተባለውን ነገር በ2013 የከሰሰው ሽናይደርማን ነው። በ2016 መጨረሻ በ25 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት አለቀ። የትራምፕን የበጎ አድራጎት ፋውንዴሽን በ2018 የከሰሰችው አንደርውድ ናት፤ ሌቲሻ ተረክባ ጨረሰችው፣ ትራምፕም 2 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ተፈረደበት። የንብረቱ ምርመራ ደግሞ የተከፈተው በማርች 2019 ነው። ከዚያ ትንሽ ቀደም ብሎ የራሱ ጠበቃ የነበረው ማይክል ኮኸን ኮንግረስ ፊት ቀርቦ፣ ሰውየው ሲመቸው ንብረቱን እንደሚያጋንን፣ ሲመቸው እንደሚያሳንስ መስክሮ ነበር። ይህን ሰምቶ ዝም የሚል ዐቃቤ ሕግ ነው እንጂ የሚገርመው!

ጡረተኛው ዳኛ፦ ልጄ፣ እሺ። ታዲያ ተጎጂው ማነው? ባንኮቹ ገንዘባቸውን ከነወለዱ አግኝተዋል። በኦገስት 2025 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የመጀመሪያው ዳኛ በትራምፕ ላይ የጣለውን፣ ከነወለዱ ግማሽ ቢሊዮን ዶላር ያለፈ ቅጣት ከልክ በላይ ነው ብሎ ሰረዘው። ይሄ ምንም አይነግርሽም?

የሕግ ተማሪዋ፦ ቅጣቱን ሰረዘ፤ ማጭበርበር ነበር የሚለውን ውሳኔ ግን አልሻረም። ዳኞቹም በብዙ ነገር ተለያይተዋል፤ አንድ ላይ ሆነው «ክሱ ፖለቲካ ነው» አላሉም። ሕጉም የተጎዳ ባንክ አምጪ አይልም። ከ1956 ጀምሮ ያለ ሕግ ነው፤ ተደጋጋሚ ማጭበርበርን ያስከስሳል። አንድ ምሳሌ ልስጥዎት። ትራምፕ ታወር ላይ ያለው የራሱ አፓርትመንት ስፋቱ 10,996 ስኩዌር ፊት ነው። በሰነዱ ላይ 30,000 ተብሎ ለዓመታት ተጽፏል። ይሄ የግምት ልዩነት አይደለም ጋሼ፣ በሜትር የሚለካ ነገር ነው።

ሾፌር ከብሮንክስ፦ 😂 እኔ የመኪና ብድር ስጠይቅ ገቢዬን ሦስት እጥፍ አድርጌ ብጽፍ ማን ይምረኛል?

ሾፌር ከብሮንክስ፦ ግን እናንተ ስታወሩ ሰዓቱን አየሁት፤ ሁሉም ነገር ትራምፕ ሆነ። ሌላው ሥራዋስ? በኖቬምበር 2023 ኡበርና ሊፍት 328 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍሉን ያደረገችው እሷ ናት። ኡበር 290፣ ሊፍት 38። ከ2014 እስከ 2017 ኡበር ተሳፋሪ መክፈል የነበረበትን የሽያጭ ታክስ ከእኛ ላይ ይቆርጥ ነበር። እኛ ደግሞ ደረሰኙን መቼ አንብበን! የሕመም ፈቃድም መጣ፤ 30 ሰዓት ሠርተህ አንድ ሰዓት ይታሰብልሃል፣ በዓመት እስከ 56 ሰዓት። እዚህ ግሩፕ ውስጥ ስንት ሾፌር አለ፤ ማን ነው «ፖለቲካ ነው፣ ብሩን አልቀበልም» ያለው?

ነገረኛው፦ ሜዳሊየኑንም፣ የታክሲ ፈቃዱን ማለቴ ነው፣ ጨምርበት።

ሾፌር ከብሮንክስ፦ እሱማ ቁስል ነው። በ2014 አንድ የቢጫ ታክሲ ሜዳሊየን ከሚሊዮን ዶላር በላይ ይሸጥ ነበር። ከዚያ ዋጋው ወደቀ፣ ዕዳው ቀረ። ራሳቸውን ያጠፉ ሾፌሮች አሉ። እሷ በ2020 ከተማዋ ዋጋውን ሆን ብላ አንራለች ብላ 810 ሚሊዮን ዶላር ጠየቀች። ልብ በሉ፣ ከንቲባው የራሷ ፓርቲ ሰው ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን ዕዳውን ያስቀነሰው በ2021 ሾፌሮች ማዘጋጃ ቤቱ ፊት ያደረጉት የረሃብ አድማ ነው። የእሷን ለእሷ፣ የእነሱን ለእነሱ።

አዲስ አበቤዋ፦ እኔ ከዚህ ከሸገር ሆኜ ስከታተላችሁ አንድ ነገር ገረመኝ። እናንተ «ለምን ቀሰቀሰች» ትላላችሁ። ካልቀሰቀሰች በምን ትመረጣለች? አሜሪካ ውስጥ 43 ግዛቶች ዐቃቤ ሕጋቸውን በድምፅ ነው የሚመርጡት። እኛ ጋ በሹመት ነው። ወይዘሮ አዳነች አቤቤ በ2020 የመጀመሪያዋ ሴት የፌዴራል ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሲሆኑ ሕዝብ ድምፅ አልሰጠም፤ በወራት ውስጥ ደግሞ ወደ ከተማ አስተዳደሩ ተዛወሩ። ሹመት ዘመቻ የለውም፣ ልክ ነው። ግን የሾመውን ሰው ማን ደፍሮ ይመረምረዋል?

ነገረኛው፦ እሰይ! ይሄንን ነው ልል የነበረው። ኩሞን አስታውሱ። በ2018 ገዥው አንድሩ ኩሞ ደገፋት። ያኔ ሰው ሁሉ «የእሱ ታዛዥ ልትሆን ነው» ብሎ ነበር። በጃንዋሪ 2021 ግን በኮቪድ የሞቱ የአረጋውያን መጦሪያ ነዋሪዎች ቁጥር ተቀንሶ ነው የተነገረው ብላ ሪፖርት አወጣች። በኦገስት ደግሞ 11 ሴቶች ላይ ወሲባዊ ትንኮሳ ፈጽሟል የሚለው ሪፖርት ወጣ። በሳምንቱ እለቃለሁ አለ። የራሷን ፓርቲ ገዥ፣ ያውም ደጋፊዋን! ሹመት ቢሆን ይሄ የማይታሰብ ነው።

የሕግ ተማሪዋ፦ ልክ። እና አሁን ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። በሴፕቴምበር 2025 ትራምፕ በአደባባይ ስሟን ጠርቶ እንድትከሰስ የፍትሕ ሚኒስትሯን ወተወተ። በኦክቶበር ቨርጂኒያ ውስጥ በ2020 በገዛችው ቤት ብድር ሰበብ በባንክ ማጭበርበር ተከሰሰች። በኖቬምበር ዳኛዋ ክሱን ዘጋችው፤ ምክንያቱ ክሱን ያቀረበችው ሊንድሴ ሃሊጋን በሕግ አግባብ አልተሾመችም የሚል ነው። ከዚያ ጉዳዩ ሁለት ጊዜ ግራንድ ጁሪ (ክስ ይመሥረት አይመሥረት ብለው የሚወስኑ ዜጎች) ፊት ቀረበ፣ ሁለቱም ጊዜ አንከስም አሉ። ጋሼ፣ ይሄንንስ ምን ይሉታል?

ጡረተኛው ዳኛ፦ ያንኑ ነው የምለው! ሰው መርጦ ወንጀል መፈለግ። በእሷ ላይ ሲሆን አስቀያሚነቱ ወዲያው ታየሽ አይደል?

የሕግ ተማሪዋ፦ እኩል አይደሉም። የእሷ ክስ ለወራት ተሰምቶ፣ ሰነድ ቀርቦ፣ ዳኛ ወስኖበት፣ ዋናው ፍሬ ነገር በይግባኝም አልተሻረም። በእሷ ላይ የመጣው ተራ ዜጎች የተቀመጡበትን ግራንድ ጁሪ እንኳ ማሳመን አቃተው። ሁለቱን አንድ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ ለማጭበርበር ሽፋን መስጠት ነው።

ጡረተኛው ዳኛ፦ ማስረጃው አንድ ነው አላልኩም። የሷ መዝገብ የጠነከረ ነው፣ አንብቤዋለሁ፣ አፓርትመንቱ እኔንም አስቆኛል። የኔ ጥያቄ ከሳሹ ማን መሆን ነበረበት የሚል ነው። ነገረኛው ኩሞን አነሳ፤ መልካም። ኩሞን የመረመረው ማነው? ራሷ አይደለችም። ከውጭ ሁለት ጠበቆች ቀጠረች፣ ጁን ኪምን እና አን ክላርክን፤ መረመሩ፣ ጻፉ። ስለዚህ እጇን ከጉዳዩ እንዴት እንደምታርቅ ታውቅበታለች። በዘመቻዋ ስሙን እየጠራች ለፎከረችበት ሰው ግን ይህን አላደረገችም። ፍርድ ቤቱ ውስጥ የፊት ወንበር ላይ ራሷ ተቀምጣ ታየች። ለምን?

ሾፌር ከብሮንክስ፦ ኧረ ጥሩ ጥያቄ ነው።

የሕግ ተማሪዋ፦ መልስ አለው ጋሼ። የኩሞ ምርመራ በሌላ ሕግ ነው የተከፈተው፤ የገዥው ጽሕፈት ቤት ራሱ ለእሷ መራላት፣ በዚያ ሥልጣን ጠበቆቹን ሾመች። ሌላው ደግሞ የውጭ ጠበቃ መቅጠሩ ምን አዳናት? ኩሞ ያም ሆኖ ፖለቲካ ነው እያለ ጮኸ። የሚጮህ ሰው ማንም ቢከሰው ይጮሃል።

ነገረኛው፦ ጋሼ፣ እዚህ ላይ ያዘችዎት።

ጡረተኛው ዳኛ፦ አልያዘችኝም። ኩሞ በኦገስት ለቀቀ። በኦክቶበር እሷ ለዚያው ለገዥነት እወዳደራለሁ አለች፤ በዲሴምበር ተወችው እንጂ። ሁለት ወር! ያንን ባታደርግ ኖሮ የኩሞን ጩኸት የሚሰማ አልነበረም።