ካሽባኬ 120 መሆን ሲገባው 68 ብቻ ሆነ፣ ሊሚት አልፌ ነው?

ግራገባኝ፦
ሰላም ወገኖች እስቲ የገባችሁ ካላችሁ አስረዱኝ። ካሽባክ (ከገዛሁበት ላይ በፐርሰንት የሚመለስ ብር) ያለው ክሬዲት ካርድ ካወጣሁ ሶስት ወር ሞላኝ፣ ሲሰጡኝ ለአስቤዛ 5% ለሌላው 1% ይመለስልሻል ብለውኝ ነው። እኔም አምኜ የቤቱን አስቤዛ በሙሉ በሱ ስገዛ ከረምኩ፣ ደረሰኞቹን ስደምራቸው 2400 መጡ፣ 5% ማለት 120 አይደል? አፑን ስከፍት ግን የተጠራቀመው 68 ነው የሚለው። ጓደኛዬ ሊሚትሽን አልፈሽ ይሆናል አለችኝ፣ ሊሚቴ እኮ 5000 ነው!

ሁለተኛ ደሞ ባለፈው ካሽ ቸግሮኝ ኤቲኤም ሄጄ 1500 ስለው እምቢ አለኝ፣ 1000 ስለው ሰጠኝ። 5000 ሊሚት እያለኝ ለምን? ይባስ ብሎ አሁን የመጣው ስቴትመንት (የወሩ የሂሳብ ዝርዝር) ላይ አንድ ቦታ 50 ሌላ ቦታ 14.79 ተጨምሮብኛል፣ እኔ የመክፈያ ቀን አሳልፌ አላውቅም። ካርዱ ነው ለኔ የሚሰጠኝ ወይስ እኔ ነኝ ለሱ? ይሄ ወር ደሞ ጠበብ ስላለኝ ሚኒመሙን (ቢያንስ ክፈይ የሚሉትን) ብቻ ልከፍል ነበር፣ ችግር አለው እንዴ?

ደረሰኝሰብሳቢ፦
እህቴ ሊሚት የሚለው ቃል ነው ያምታታሽ፣ ሶስት የተለያየ ነገር ነው በአንድ ስም የሚጠሩት። 5000 የተባልሽው በጠቅላላ ልትበደሪ የምትችይው ነው። በሱ ውስጥ ደሞ ለካሽ ብቻ የተመደበ ሌላ ሊሚት አለ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከዋናው በጣም ያንሳል፣ ስቴትመንትሽን እይው ከዋናው ሊሚት ስር ወይ አጠገብ ተጽፎ ታገኚዋለሽ። ያንቺ 1000 ወይ ትንሽ ከፍ ያለ ይሆናል ለዛ ነው ማሽኑ 1500ውን እምቢ ያለሽ። ሶስተኛው የካሽባኩ ጣሪያ ነው፣ 5%ቱ እስከተወሰነ ወጪ ድረስ ብቻ ይሰራና ከዛ በላይ ያለው ወደ 1% ይወርዳል። የኔ ካርድ ላይ ጣሪያው በሶስት ወር 1500 ነው። ያንቺም እንደዛ ቢሆን 1500ው በ5% 75 ይሆናል፣ የተረፈው 900 በ1% 9፣ ሲደመር 84። ያንቺ 68 ነው ስላልሽ ግን ይሄ ብቻ አይመስለኝም፣ ሌላ ነገር አለ።

ኮድቆጣሪ፦
አለ እንጂ፣ 68ቱ ራሱ ይናገራል። 2400ው በሙሉ በ1% ቢታሰብ 24 ነው። ከ68 ላይ 24 ሲነሳ 44 ይቀራል። በ5% የታሰበ እያንዳንዱ 100 ደሞ ከ1%ቱ ላይ 4 ነው የሚጨምረው፣ 44ን ለ4 ስታካፍይው 11 ይመጣል፣ ስለዚህ በአስቤዛ የተቆጠረልሽ 1100 ብቻ ነው ማለት ነው። ጣሪያው ጋ አልደረስሽም። 1300ውን እንደ ተራ እቃ ነው የቆጠሩብሽ።

ለምን ካልሽ ባንኩ ዘምቢልሽን ከፍቶ አያይም። የሚያየው ሱቁ የተመዘገበበትን ባለ 4 አሃዝ ኮድ ነው። የምግብ ሱቅ 5411 ነው፣ ምግብ ቤት 5812፣ ከዳቦ እስከ ቴሌቪዥን አንድ ጣራ ስር የሚሸጡት ትልልቆቹ ደሞ ብዙ ጊዜ 5310 ወይ 5300 ላይ ይወድቃሉ። እዛ ገብተሽ ዱቄትና ዘይት ብቻ ይዘሽ ብትወጪም ለካርዱ አስቤዛ አይደለም። (በነገራችን ላይ ውሉ ላይ ግሮሰሪ የሚለውን ሳነብ መጀመሪያ የመጠጡ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር ሃሃ) እንደዛ አይነት ሱቅ ትገዣለሽ?

ግራገባኝ፦
ወይ ጉድ! አሁን ደረሰኞቹን ወለሉ ላይ ዘርግቼ ለየኋቸው፣ ከአንዱ ትልቅ ሱቅ የገዛኋቸው አራት ናቸው፣ 410፣ 345፣ 290 እና 255። ደምሩት እስቲ። ልክ 1300! አፑ ላይም ገብቼ ሳይ እነዚህ አራቱ ጎን ላይ «ልዩ ልዩ» ነው የሚለው፣ አንድም ቀን ልብ ብዬው አላውቅም። አመሰግናለሁ ኮድቆጣሪ። 50ውና 14.79ኙስ?

ወለድጠላ፦
እነሱ የኤቲኤሟ ጣጣ ናቸው። በክሬዲት ካርድ ካሽ ማውጣት እቃ እንደመግዛት አይደለም፣ ከባንክ ብር እንደመበደር ነው፣ ወዲያው ክፍያ ይቆረጣል፣ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 5% ነው፣ ያንቺ 50 በመሆኑ 5% ነው ማለት ነው። እቃ ስትገዢ ስቴትመንቱ ከወጣ በኋላ እስከ መክፈያው ቀን ሙሉውን ከከፈልሽ ያለ ወለድ የሚሰጥሽ ቀን አለ፣ ለካሽ ግን እሱ የለም፣ ካወጣሽበት ቀን ጀምሮ ነው የሚቆጥረው። ስቴትመንቱ መጨረሻ ላይ የወለድ ሰንጠረዥ አለ የካሽ ወለድ ስንት ይላል? 27% ካለ 1000ው በ20 ቀን ልክ 14.79 ይወልዳል። አሁንም ቀን በቀን እየቆጠረ ስለሆነ የመክፈያ ቀኑን አትጠብቂ፣ ካለሽ ዛሬውኑ ክፈይው። ደሞ ካሽ ያወጣሽበት ካሽባክ የለውም።

ሚኒመም የምትይው ነገር ግን አስፈራኝ። ሚኒመም ከከፈልሽ የዘገየሽበት ቅጣት አይመጣብሽም እንጂ ወለዱ አይቀርም። አስቢው 2000 ሳትከፍይ ብታሳልፊ፣ ወለዱ በአመት 24% ቢሆን፣ በ30 ቀን 39.45 ነው። በዛው 2000 ላይ 2% ካሽባክ ብታገኚ እንኳን 40 ነው፣ አንድ ወር ብቻ ካሽባኩን ጠራርጎ በላው ማለት ነው። ከሱ የሚብሰው ደሞ ሙሉውን ሳትከፍይ ስትቀሪ ያ ያለ ወለድ የሚሰጥሽ ቀን ይነሳብሽና ነገ የምትገዢው ዳቦ ራሱ ከገዛሽበት ቀን ጀምሮ ወለድ ይታሰብበታል። ይሄን ብዙ ሰው አያውቀውም፣ እኔም የገባኝ ሁለት ወር ከከፈልኩ በኋላ ነው።

ተጠራጣሪው፦
ካሽባኩ ራሱ ከየት የመጣ መሰላችሁ፣ በካርድ በከፈላችሁ ቁጥር ነጋዴው ከሚቆረጥበት ላይ ነው ቆንጥረው የሚሰጡን። ደሞ 6% ምናምን እያሉ ለሚያጓጓችሁ ካርድ የአመት ክፍያውን እዩ። 95 የሚያስከፍል 6% ካርድና ምንም የማያስከፍል 3% ካርድ ቢቀርብልኝ ልዩነቱ 3% ብቻ ስለሆነ በአመት ወደ 3170 አስቤዛ ካልገዛሁ ያ 95 አይመለስም። ውጭ አገር ሂዳችሁ ስትጠቀሙም 3% የሚቆርጥ ካርድ ካላችሁ 2% ካሽባኩን ይዛችሁ በ1% ከስራችሁ ነው የምትመለሱት። እቃ ከመለሳችሁም ካሽባኩን መልሰው ይወስዱታል።

ግራገባኝ፦
ሰንጠረዡን አየሁት 27% ነው ይላል፣ እንዴት አወቅከው ባክህ። ስለዚህ 68 ሰጥተውኝ 64.79 ወስደዋል፣ ሶስት ወር ሙሉ ደረሰኝ ሳጠራቅም የተረፈችኝ 3.21 ናት ሃሃሃ። የካሹን ዛሬ ከፈልኩት፣ የቀረውንም ከወንድሜ ተበድሬ ሙሉውን ልዘጋው ነው፣ እሱ ቢያንስ ወለድ አይጠይቀኝም። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፣ 68ቱን ወደ ካርዱ ሂሳብ አዙርልኝ ብለው ባንኩ ሚኒመሙን ከፈልሽ ብሎ ይቆጥርልኛል?

ወለድጠላ፦
ብዙዎቹ አይቆጥሩልሽም። ያለብሽን በ68 ይቀንሰዋል እንጂ ክፍያ ነው ብሎ አይመዘግበውም፣ ከፍያለሁ ብለሽ ቁጭ ስትይ ቀኑ ያልፍና ቅጣቱ ይመጣል። መጀመሪያ ከራስሽ ሂሳብ ክፈይ፣ መግባቱን አፑ ላይ እይና ከዛ 68ቷን አዙሪያት።